የቢትና ቀስት

«ኦክጁ፣ እሳቱን አጥፊው! አሁኑኑ!»

ቢትና የጆሮ ማዳመጫዋን ገፋ አድርጋ በጎኗ ወደተቀመጠችው ጓደኛዋ ዞረች። ኦክጁ ግን አንድ እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ፣ የጌም ቤቱ ሠራተኛ አሁን ያመጣላትን ራምዮን የሚባል የኮሪያ ፓስታ በሾርባ፣ በቾፕስቲክ እየጠቀለለች ነበር።

«አረ በናትሽ! በረደኝ እኮ። ልሙት እንዴ?»

«ጭሱ ከሩቅ ይታያላ፣ አንቺ ጀዝባ! የደሴቱን ሌባ በሙሉ እየጠራሽው ነው!»

ሳትጨርስ በጨዋታው ውስጥ የሠሩት ቤት በር ተሰበረ። የማያውቋቸው አራት ሰዎች ገቡና ያገኙትን ሁሉ ዘረፉ። እንጨቱ፣ ሥጋው፣ ፀጉራም ካባዎቹ፣ ሁሉም ሄደ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የቢትና ቀስት ተወሰደ። ያንን የቀንድ ቀስት ያገኘችው ድብ ስታደን ስንቴ ሞታ ስንቴ ከባዶ ከጀመረች በኋላ ነበር። የሦስቱም ስክሪን ቀይ ሆነ።

«በቃ፣ አለቀልን» አለ ከወዲያኛው ወንበር ሃንግዮል። ቤቱን የሠራው እሱ ነው፤ በሳጥን አፈር ሞልቶ ጎመን ይተክል ነበር። «ጎመኔን እንኳ አልማሩኝም፣ የተረገሙ!»

ኦክጁ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሾርባው ትን አላት። ሃንግዮልም ጀርባዋን እየመታ አብሯት ሳቀ። ቢትናም ፈገግ አለች። «ችግር የለም፣ እንደገና እንሠራዋለን» አለች። ሆዷ ግን ሌላ ነበር የሚለው።

ሦስቱም የኮሪያዋ የወደብ ከተማ የሞክፖ ልጆች ናቸው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው አድገዋል። በዚያ ዓመት መገባደጃ ላይ በጨዋታው የጀመሩት ቤት ለየት ያለ ነገር ነበረው። የሃንግዮል አባት ከመርከብ መሥሪያው ወጥቶ ሌላ ከተማ ሥራ በማግኘቱ፣ ፈተናው እንዳለቀ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ነው። «ከመሄዴ በፊት ባለ ሁለት ፎቅ ቤት እንሥራ» ብሎ ነበር ሃንግዮል። «ሦስታችንም የየራሳችን ክፍል ይኑረን።»

ቢትና ግን ከዘረፋው ማግስት ጀምሮ መታገሥ አቃታት። ኦክጁ መንገድ እየጠፋት ሁለት ሰው ፍለጋ ታስወጣለች። ሃንግዮል ጎመኑን ሳያጠጣ ከቤት አይወጣም። «ብቻዬን ብሆን እስካሁን የት በደረስኩ» የምትለዋ ሐሳብ ከአእምሮዋ አልወጣ አለች።

«እናቴ ከለከለችኝ» አለቻቸው አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲወጡ። «ፈተናው እስኪያልቅ ጌም የሚባል የለም አለች።»

«አቦ! ያንቺ እናት?» አለች ኦክጁ። የቢትና እናት በሆስፒታል ወጥ ቤት በፈረቃ የምትሠራ፣ ልጇን በጥናት ጨቅጭቃ የማታውቅ ሴት ናት።

«ዘንድሮ ተቀይራለች።»

«በቃ፣ አጥኚ» አለ ሃንግዮል። «ቤቱን እኛ እንጠብቃለን።»

ቢትና እቤቷ ገባች፤ ኮምፒውተሯን ከፈተች፤ አዲስ ስም አወጣች። «ነጭ ጭልፊት» አለች ራሷን። በዚያው ደሴት፣ ግን ከጓደኞቿ ቤት ርቃ፣ በሰሜኑ ተራራ ላይ ብቻዋን መኖር ጀመረች።

እንዳሰበችውም ሆነ። የሚያዘገያት የለም፤ ጭስ የሚያጨስባት የለም። በጥቂት ቀናት ውስጥ የድንጋይ ግንብ ሠራች፣ ከዚያም ጠመንጃ አገኘች። የሚያልፉትን ከገደል ላይ ሆና አድፍጣ እየመታች ዕቃቸውን ትወስዳለች። ስሟ በደሴቱ ይፈራ ጀመር። አንዳንዴ ግሩም ተኩስ ስትተኩስ «አያችሁ?» ልትል አፏን ትከፍትና፣ ክፍሉ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ ድምፅ በቀር ምንም እንደሌለ ትዝ ይላታል።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ደሴቱ ላይ በረዶ እየዘነበ፣ ሁለት ሰዎች በቀዘቀዘው ሐይቅ ላይ ጋሪ ሲጎትቱ አየች። ጋሪ ማለት ዕቃ ማለት ነው። ፊታቸው በበረዶው አይለይም። አነጣጥራ ተኮሰች። አንደኛው ወደቀ። ሁለተኛው ይሸሻል ብላ ስትጠብቅ፣ ሰውዬው ጋሪውን ትቶ የወደቀው ላይ ተደፋና ቁስሉን ማሰር ጀመረ።

ቢትና ከገደሉ ወርዳ ቀረበች። በዚህ ጨዋታ ሰው ሲቀርብ ድምፁ ይሰማል።

«አትጠብቀኝ! ቀስቱን ይዘህ ሩጥ!» ትላለች የወደቀችው። «የቢትናን ቀስት ይዘህ ሩጥ አልኩህ!»

ኦክጁ ናት።

የቢትና ጣት ማውሱ ላይ ደረቀ። ሃንግዮል ቀና ብሎ ጠመንጃ የደገነውን እንግዳ አየ። አልሮጠም።

«ወንድሜ፣ እባክህ» አለ። «ጋሪውን ከነዕቃው ውሰደው። ቀስቱን ብቻ ተውልን። የጓደኛችን ነው፤ ፈተናዋን ስትጨርስ ልንሰጣት ነው።»

መናገር ትችል ነበር። አንድ ቁልፍ ተጭና «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነው። ግን አፏን የከፈተች እንደሆነ ድምጿን ያውቁታል። ውሸቷም፣ ተራራው ላይ ያሳለፈችው ጊዜም ሁሉ ይገለጣል። ሃንግዮል አሁንም እየጠበቀ ነው። ትንሽ ወደ እሷ ቀረበ።

«ወንድሜ፣ ትሰማኛለህ?»

ተኮሰች። መታችው፤ ከዚያም ኦክጁን።

ሐይቁ ላይ ጸጥታ ሆነ። ጋሪው ውስጥ የተጠረበ ሳንቃ፣ ጥቂት ጎመንና በካባ የተጠቀለለ የቀንድ ቀስት ነበር። ቢትና ሳትነካው ኮምፒውተሩን አጠፋች።

በማግስቱ ቢትና ክፍል ሳትደርስ ኦክጁ ኮሪደሩ ላይ ያዘቻት። «ጉዳችንን ሰማሽ? አንዱ ብቸኛ ሰው ጨረሰን! ቀስትሽን መልሰን ልንገዛ ጎመን ስንሸጥ የከረምነው ሰዎች፣ እቤት ልንደርስ ስንል...» እየሳቀች ጀምራ መሃል ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ። «ሰርፕራይዝ ልናደርግሽ ነበር እኮ። ክፍልሽን ጨርሰነዋል። ቀስቱን ግድግዳው ላይ ልንሰቅለው ነበር።»

«ጌም ነው እኮ» አለች ቢትና።

«አውቃለሁ። ሃንግዮል ግን በቃኝ ብሏል። ከእንግዲህ ጊዜም የለውም።»

ያን ቀን ከሰዓት ቢትና ጨዋታውን ከፍታ ያላትን ሁሉ ጋሪ ላይ ጫነች። ጠመንጃዋን፣ ሥጋውን፣ ከሐይቁ ያነሳችውን ቀስት፣ ሁሉንም ጎትታ ወደ ጓደኞቿ ቤት ወሰደችው። በሩ አልተዘጋም። ምድጃው ጠፍቷል፤ ጎመኑ በየሳጥኑ በርዶ ጠቁሯል። ደረጃውን ወጣች። ላይ ቤት ሦስት ክፍሎች አሉ። አንደኛው ባሕሩን የሚያይ ሰፊ መስኮት አለው፤ ሁሌም «መስኮት ከሌለኝ አልኖርም» የምትለው እሷ ነበረች። ዕቃውን እዚያ ደርድራ ተቀመጠች። በማግስቱም መጥታ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ከውጭ የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነበር።

ፈተናው አለቀ። ሃንግዮል ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ሦስቱም ወደቡ ዳር ወጡ። ከመንገድ ላይ ሆቶክ የሚባል ውስጡ ማር ያለበት ትኩስ ቂጣ ገዝተው፣ ማሩ እንዳያቃጥላቸው እፍ እያሉ ቆሙ። ኦክጁ በሃንግዮል አዲስ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየቀለደችበት ነው። የቢትና ግን ሳትቀምሰው በወረቀቱ ውስጥ ቀዘቀዘ።

«ሐይቁ ላይ የተኮስኩት እኔ ነኝ» አለች።

ኦክጁ ሳቀች። «ሙድ አትያዢ ባክሽ።»

«ሃንግዮል ‹ቀስቱን ብቻ ተውልን› ብሏል። ‹ወንድሜ› ብሎ ሁለት ጊዜ ጠርቶኛል።»

የኦክጁ ሳቅ ቆመ። ያንን ማንም ለቢትና አልነገራትም ነበር።

ሃንግዮል እጁ ላይ የፈሰሰውን ማር በቀስታ በወረቀቱ ጠረገ። «የመጀመሪያውን ስትተኩሺ አላወቅሽንም» አለ። «እሺ። ሁለተኛውንስ?»

«አፍሬ ነው። ብናገር ድምፄን ታውቁት ነበር።»

«ስለዚህ ከምታፍሪ ገደልሽው» አለች ኦክጁ።

ቢትና ለሳምንታት የይቅርታ ንግግር ስታዘጋጅ ከርማ ነበር። የወጣው «ይቅርታ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ቃሏም በአንዲት ጀልባ ጡሩንባ ተዋጠች።

«ተኩሱ ግን ጥሩ ነበር» አለ ሃንግዮል። ሊቀልድ ፈልጎ ነው፤ ፊቱ ግን እሺ አላለውም። «ቤቱን ሦስት ሆነን ብንጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር» ብሎ ቦርሳውን አነሳ። ኦክጁ ተከተለችው። ወደ ኋላ አልዞረችም። በማግስቱ ጠዋት ቢትና ወደ ሃንግዮል ሰፈር ስትደርስ የጭነት መኪናው ሄዶ ነበር።

ሰኞ በትምህርት ቤቱ የምግብ አዳራሽ ኦክጁ መስኮቱ አጠገብ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቢትና ትሪዋን እንደያዘች ቆመች። ሌላ ባዶ ጠረጴዛ ሞልቷል። እግሯም ወደዚያ ሊወስዳት ፈልጎ ነበር። ለረጅም ጊዜ ብቻዋን መሆን ቀላል መስሎ የታያት ለዚህ ነው፤ ማንም ዓይኗን አያይም።

ሄዳ ከኦክጁ ፊት ለፊት ቆመች።

«ልቀመጥ?»

ኦክጁ ቀና አላለችም። ሩዟን በማንኪያዋ ወዲያና ወዲህ አደረገችው።

«እንደፈለግሽ።»

ተቀመጠች። ሾርባው ሞቅ ያለ ነበር፤ ኪምቺው፣ በበርበሬ የተብላላው ጎመን፣ ከወትሮው ኮምጥጧል። ሁለቱም ይህን ለመናገር አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ተያዩና ወደ ትሪያቸው አቀረቀሩ። ደወሉ ሲደወል ኦክጁ ትሪዋን አንስታ ቀድማ ወጣች።

በማግስቱም ቢትና ምሳዋን ተቀብላ ወደዚያው ጠረጴዛ ሄደች።