የተቆጣው ቢላዋ

«ቢላዋ ይቆጣል?» አለች እናቷ፣ እርሳሷን ከደብተሩ ላይ አንስታ።

«መጽሐፉ ነው ያለው። ‹ሉዝ ኢትስ ቴምፐር።› መቆጣት ማለት ነው እማ፤ ስምንተኛ ክፍል ተምረነዋል።»

«እሺ፣ ይቆጣ። ከተቆጣ በኋላስ ምን ይሆናል?»

ይህን መጽሐፉ አልነገራትም። ዓረፍተ ነገሩ የሚለው ስለቱ ከልክ በላይ ከጋለ ቴምፐሩን ያጣል ብቻ ነው። ልጅቷ ግን ሰፈሩ በሙሉ «ዲክሽነሪ» እያለ የሚጠራት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነች፤ እንዲህ ያለ ስም ደግሞ ጥያቄ ሲመጣ ዝም አያሰኝም። ዓይኗን በጨው አጥባ «ይሰበራላ» አለች። «የተናደደ ሰው ዕቃ ይሰብር የለ? ቢላዋ ሲናደድ ራሱን ይሰብራል።»

እናቷ የሻከሩ ጣቶቿን አየት አደረገቻቸው። «እኔ የማውቀው ሲልፈሰፈስ ነው። እንጃ። መጽሐፉ ካለ ይሁን» ብላ ጻፈችው።

እናቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቢላዋና መቀስ ስትስል ኖራለች። ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለችው አንዲት ክፍል ልብስ ሰፊው፣ ሥጋ ሻጩ፣ ፀጉር አስተካካዩ የደነዘ ስለቱን ይዞ ይመጣል፣ ፀጉር የሚሰነጥቅ ስለት ይዞ ይመለሳል። ዘንድሮ የሙያ ማሠልጠኛው ኮሌጅ ስለት ማውጣት የሚያስተምር ባለሙያ ፈለገ። ሥራዋን አይተው ወደዱላት። የቀረው የጽሑፍ ፈተና ነው፤ የብረት ሥራ የእንግሊዝኛ ቃላት ትርጉምና አጠቃቀም። ሐሙስ ትፈተናለች፤ ልጇ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ እየተረጎመች ታስጠናታለች። ካለፈች የራሷ ተማሪዎች ይኖሯታል። ይህን እያሰበች ብቻዋን ፈገግ ስትል ልጅቷ ስንት ጊዜ ይዛታለች።

በማግስቱ ማክሰኞ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ልጅቷ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋን ፈልጋ አገኘችው። ሌሊቱን አንድ ነገር ሲከነክናት ነበር ያደረው።

«ቲቸር፣ ቢላዋ ቴምፐሩን አጣ ሲባል ተቆጣ ማለት ነው፣ አይደል?»

አስተማሪው መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ከመሳቢያው ወፍራሙን መዝገበ ቃላት አወጣ። «አንደኛ፣ ጠባይ። ሁለተኛ፣ ቁጣ...» እያለ ጣቱን ቁልቁል አወረደ። «ይኸውልሽ፤ ብረት በማጋልና በማቀዝቀዝ የሚያገኘው የጥንካሬ ልክ። ያንን ካጣ ይለሰልሳል።»

«አይሰበርም?»

«ምኑ ይሰበራል! እንደ ማንኪያ ይጎብጣል እንጂ። ጉዱን እዪው፤ ሰው ሲያጣው ይከራል፣ ብረት ሲያጣው ይለሰልሳል። እኔም ዛሬ ተማርኩ።»

ልጅቷ አልሳቀችም። እናቷ ልክ ነበረች፤ ደብተሯ ላይ ግን በገዛ እጇ ስህተቱን ጽፋለች። አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ ነገሩን ስትሰማ ትከሻዋን ሰበቀች። «አታካብጂ ባክሽ። በእርሳስ አይደል የጻፈችው? አጥፍተሽ ትክክለኛውን መጻፍ ነው። አለቀ፣ ደቀቀ።» ላጲሷንም አዋሰቻት።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። እቤት እስክትደርስ ድረስ ጥሩ ነበር።

እናቷ የሚሽከረከረው የመሳያ ድንጋይ ፊት ተቀምጣለች። ልጇን ስታይ ማሽኑን አጠፋችው። ጠረጴዛው ላይ ደብተሩ ተከፍቷል፤ አጠገቡ ጫፋቸው ተቃጥሎ ሰማያዊ የሆነ ሦስት አሮጌ ቢላዎች ተደርድረዋል።

«ነይ እስቲ እዪልኝ» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ እነዚህን አቃጥላለሁ፤ አንዱም አልተቆጣልኝ።» አንዱን በጉጠት ይዛ ጫፉን ጫን አለችው። ጎበጠ። «ይኸው፣ ዝም ብሎ ይጎብጣል። ይህን ሁሉ ዓመት ተሳስቼ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ተማሪዎቹን ምን ብዬ ነው የማስተምራቸው?»

እየቀለደች አልነበረም። ልጅቷ እናቷ ገበያ ሲጠፋም፣ ጣቷን ሲቆርጣትም አይታታለች፤ በእጇ ሥራ ስትጠራጠር ግን አይታት አታውቅም። በጣም አፈረች። ኪሷ ውስጥ ያለው ላጲስ ደብተሩን ያጠፋ ይሆናል፤ ይህን ጥርጣሬ ግን አያጠፋም።

«እማ፣ ይሰበራል ያልኩሽን እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ምን አልሽ?»

«መጽሐፉ አላለም። ቴምፐር የብረቱ ጥንካሬ ነው። ስለቱ ሲግል ያንን ያጣና ይልፈሰፈሳል። ልክ አንቺ እንዳልሽው።»

እናቷ ጉጠቱን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ወኔው ይከዳዋል ማለት ነው?»

«ምኑ?»

«እኛ በሥራችን እንደዚያ ነው የምንለው። የጋለ ስለት ወኔው ይከዳዋል።»

«እሱ ነው! እማ፣ ቃሉ እሱ ራሱ ነው።»

እናቷ ለአፍታ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ። እኔ እኮ እስኪቆጣ ድረስ ልሰድበው ምንም አልቀረኝም ነበር!» ልጅቷም አልቻለችም፤ ሁለቱም ጠረጴዛውን ተደግፈው ተንከተከቱ። መቀሱን ሊወስድ የመጣው ፀጉር አስተካካይ በሩ ላይ ቆሞ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ።

«ቢላዋው አልቆጣ ብሎን ነው» አለችው እናቷ።

ሰውየው መቀሱን ተቀብሎ ቶሎ ሄደ።

እናቷ እንባዋን በሽርጧ ጫፍ ጠረገች። ፊቷ በርቷል። «ሌላስ የፈጠርሽው አለ?» አለች፣ እንደ ዋዛ።

የለም ማለት ቀላል ነበር። እናቷ ደስ ብሏታል፤ መጽሐፉም አልቋል። ልጅቷ ግን ከነገ ወዲያ በፈተናው ወረቀት ላይ የሚሰፍሩትን ቃላት አሰበች።

«ትንሽ አለ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ዘጠኝ... አሥራ አንድ ይሆናል።»

ቁጣ ጠበቀች። እናቷ ግን ሁለተኛውን በርጩማ በእግሯ ሳብ አደረገችላት። «ገና ነገ አለን። አንቺ ታነቢያለሽ፤ እኔ ብረቱ ምን እንደሚሆን እነግርሻለሁ። ነይ፣ ከመጀመሪያው።»

ልጅቷ መጽሐፉን ከገጽ አንድ ገለጠች። አራተኛው መስመር ላይ፣ የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ስለ መንከር በሚያወራ ዓረፍተ ነገር መሐል፣ «ኩዌንች» የሚል ቃል አለ። ባለፈው ሳምንት «የውሃ ጥም ማርካት» ብላ አስጽፋታለች፤ እናቷም ብረት ይጠማዋል እንዴ ሳትል ጽፋዋለች። ልጅቷ እርሳሱን አነሳችና ከቃሉ ጎን የጥያቄ ምልክት አደረገች።

«ይህን አላውቀውም» አለች።

«ዓረፍተ ነገሩን አንብቢልኝ» አለች እናቷ፣ ጠጋ ብላ።