የአልቶናው ጠርሙስ

ጉርሜሳ ጠርሙሱን ከጥምቀት ልብሱ ሥር ወገቡ ላይ አስሮታል። የሜልበርኑ የአልቶና ባሕር እግሩን ያቀዘቅዘዋል። ከኋላው ምእመናን ይዘምራሉ።

ጊዜው 1997 ነው፤ እንደ ፈረንጅ።

ሰው የሚያውቀው በጭነት መኪና ሹፌርነት ነው። እውነተኛ ሥራው ስለላ ነው። የላከው አንድ የውኃ ብክለት መርማሪ ድርጅት ነው። የሚስጥር ስሙ «ጀልባ»።

ሜልበርን ከውኃ ጋር ታግላ የቆመች ከተማ ናት። ወንዟን አዙራ፣ ረግረጓን ደፍና ወደብ ሠራች። አሁን ደግሞ አንድ ኩባንያ የወንዝ ዳሩን ረግረግ በመርዛም ጥራጊ ሞልቶ ለቤት መሥሪያ ይሸጣል። ከሥሩ የሚወጣው ጥቁር ውኃ ጠርሙሱ ውስጥ ነው። ሌላ ማስረጃ የለም። ውኃው የተቀዳበትን ጉድጓድ ኩባንያው በሲሚንቶ ደፍኖታል።

ጠርሙሱን የሚረከበው ሰው እዚሁ ጥምቀቱ ላይ ከሲድኒ ይመጣል ተብሏል። የወንጌላዊ ልጅ፣ በጴንጤ ቤት ያደገ።

ሰውየው መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ባሕሩ ዛሬ ጸጥ ብሏል» አለ።

«ማዕበሉ ከሰዓት ነው።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው።

ፓስተሩ ጸሎቱን ጨረሰ። «አሜን!» አለ ሕዝቡ። የሰውየው እጅ ግን ወደ ግንባሩ ሄደ። ከዚያ ወደ ደረቱ።

አማተበ።

ጴንጤ አያማትብም።

የይለፍ ቃሉን ያወጣው የጉርሜሳ አለቃ ነው። ለኩባንያው ሸጦታል። እንደ ውኃ እያሳሳቀ ወሰደው።

«አምጣ» አለ ሰውየው። «መኪና ማቆሚያው ጋ ሁለት የኩባንያው ጠባቂዎች አሉ። አትሞኝ።»

ከፊቱ ባሕር ነው። መሸሻ የለም።

«ወንድም ጉርሜሳ» አለ ፓስተሩ፣ «ከመጠመቅህ በፊት ምስክርነትህን ስጥ።»

ጉርሜሳ ጠርሙሱን ፈትቶ ከፍ አደረገ።

«ይህ ቀብድ ከከፈላችሁበት መሬት ሥር የወጣ ነው። አሽትቱት! እኔ ሹፌር አይደለሁም። ሰላይ ነኝ። የላከኝም ሸጦኛል።»

ሰውየው ክንዱን ጨመደደው።

«ምስክርነት አይቋረጥም!» እትዬ ተረፈች ከነልብሳቸው ባሕሩ ውስጥ ገቡ። ከብሬብሩክ ሰፈር ኪራይ ቤት ሊወጡ ቀብድ የከፈሉ ሴት ናቸው። «አንተ ማነህ? ልቀቀው!»

ሴቶቹ ተከትለው ገቡ። ሰውየው ለቀቀ።

እትዬ ተረፈች ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጆቼን እዚህ ላይ ላስተኛ ነበር?»

ጠርሙሱን ከምእመናኑ መካከል ላብራቶሪ ውስጥ ለምትሠራው ለያኔት ሰጧት። ሕዝቡ እየዘመረ መኪናዋ ድረስ አጀባት። ጠባቂዎቹ አልደፈሩም።

እትዬ ተረፈች ወደ ጉርሜሳ ዞሩ።

«እምነትህስ ልጄ? እሱም ውሸት ነበር?»

ጉርሜሳ ሳይጠመቅ ከባሕሩ ወጣ።

ሽያጩ ታገደ። ረግረጉ ላይ ዛሬ ዳክዬ እንጂ ቤት የለም።

ኩባንያው ጉርሜሳን ፈለገው። ሴንት አልባንስ ሰፈር ውስጥ የለም። ብሬብሩክም የለም።

ከከተማው ዳር፣ ሜልተን ውስጥ፣ በሌላ ስም አውቶቡስ የሚነዳ ሰው አለ። የእሑድ ጧት ሺፍት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዓት፣ ሁሉም ይሸሻል።

እሱ ለምኖ ይወስዳል።