የአሪየት ድምፅ በበረዶው ሀገር

በጋምቤላ፣ በባሮ ወንዝ አጠገብ፣ አሪየት የምትባል ልጅ ነበረች።

አሪየት ረጅም ናት። በጣም ረጅም። ማንጎ ሲያምራት ዛፍ ላይ አትወጣም፤ እጇን ዘርግታ ማንጎውን ቀጠፍ ታደርጋለች።

አሪየት የቅርጫት ኳስ ትወዳለች። ገና ጎሕ ሲቀድ ኳሷን ታነጥራለች።

ዱብ! ዱብ! ዱብ!

ከዚያ ወደ ላይ ትወረውራለች። ኳሱ በመረቡ ውስጥ ሾልኮ ይወርዳል። ሿ…

አሪየት ዝምተኛም ነበረች። ስታወራ ድምጿ እንደ ላባ ቀላል ነው። እናቷ አቻን «ምን አልሽ ልጄ?» እያሉ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

አሪየት አደገች። አሁንም ኳስ ታነጥራለች። ዱብ! ዱብ! ዱብ!

አንድ ቀን በጣም ሩቅ ከሆነ፣ ሊትዌኒያ ከሚባል ሀገር፣ አንድ ቡድን ጠራት። «ነይ፣ ከእኛ ጋር ተጫወቺ። ሥራሽ ኳስ መጫወት ይሆናል» አሏት።

አቻን ልጃቸውን ሊሰናበቱ ቀና ብለው አዩአት። «እስቲ ጎንበስ በይልኝ፤ ልሳምሽ» አሉ።

አሪየት ጎንበስ አለች። እናቷ ግንባሯን ሳሟት። ደግመውም ሳሟት።

አውሮፕላኑ ተነሣ። ባሮ ወንዝ ቀጭን ክር ሆነ። ከዚያ በኋላ ደመና፣ ደመና፣ ደመና ብቻ። አሪየት ደመናውን እያየች እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ምድሩ ሁሉ ነጭ ነበር። ጣሪያው ነጭ። ዛፉ ነጭ። መንገዱ ነጭ።

በረዶ ከሰማይ ይወርዳል፤ እንደ ጥጥ፣ ቀስ እያለ፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ።

አሪየት ከአውሮፕላኑ ወርዳ እጇን ዘረጋች። አንዲት ነጭ ነገር መዳፏ ላይ አረፈች። ልታያት ጠጋ ስትል ውሃ ሆነች።

የከተማው ሰዎች ደጎች ነበሩ። ግን ለአሪየት ሁሉም ጉንፋን የያዛቸው መሰላት።

ለባለ ሱቁ በሩን ከፈተችለት። ባለ ሱቁ «አቹ» አላት።

«ይማርህ» አለችው አሪየት።

በአውቶቡስ ውስጥ ለአንዲት አሮጊት መቀመጫዋን ለቀቀች። አሮጊቷ «አቹ» አሏት።

«ይማርዎት» አለች አሪየት።

በልምምድ ሜዳ ለሩታ ኳስ አቀበለቻት። ሩታ ከቡድኑ ሁሉ አጭሯ ተጫዋች ናት። ሩታም «አቹ» አለቻት።

«ይማርሽ» አለች አሪየት።

ሩታ ግራ ገባት። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እንግሊዝኛ ስለሚችሉ በእሱ ተግባቡ። «እኔ እኮ አላነጠስኩም» አለች ሩታ። «‹አቹ› በእኛ ቋንቋ ‹አመሰግናለሁ› ማለት ነው።»

አሪየት አፏን በእጇ ያዘች። ለካ ሰዉ ሁሉ ሲያመሰግናት ነው የከረመው! ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

የጨዋታው ቀን ደረሰ። አዳራሹ በሰው ተሞላ። መብራቱ ወለሉ ላይ እንደ ማር ይፈሳል።

አሪየት ከተጠባባቂዎች ጋር ተቀመጠች። አየች፣ ጠበቀች፣ አየች፣ ጠበቀች።

በመጨረሻ አሰልጣኟ ዳይና በእጃቸው ጠቆሟት። «ግቢ» ማለታቸው ነው።

አሪየት ሮጣ ገባች። ቅርጫቱ ሥር ቆመች። እጆቿን ዘረጋች። አጠገቧ ማንም የለም። ኳሱ ቢመጣላት ታገባዋለች።

ኳሱ ግን ወደ ወዲያ ሄደ። ወደ ወዲህ ሄደ። ወደ አሪየት አልመጣም።

«እዚህ ነኝ» አለች በልቧ። በአፏ ግን ዝም አለች።

ድንገት ኳሱ ከኋላዋ መጣ። አላየችውም። ትከሻዋን መታትና ከሜዳው ወጣ።

ፊይይይ! አለ የዳኛው ፊሽካ።

አሪየት ተመልሳ ተቀመጠች። ዓይኖቿ ውሃ ሞሉ።

ከጨዋታው በኋላ ዳይና አጠገቧ ተቀመጡ። የሚሉትን ሩታ ታስረዳታለች።

«አሪየት፣ ከሁላችንም ትረዝሚያለሽ» አሉ ዳይና። «ግን ካልተጣራሽ ጓደኞችሽ አያዩሽም። ዝም ካልሽ ላጫውትሽ አልችልም።»

አሪየት አንገቷን ደፋች። «ቃሉን ባበላሸውስ? ቢስቁብኝስ?» አለች ለሩታ፣ በዚያች በላባ ድምጿ።

ሩታ ትንሽ አሰበች። «ነገ ጠዋት ካፖርትሽን ልበሽና ጠብቂኝ» አለቻት።

በማግሥቱ ሩታ አሪየትን ወደ ሐይቅ ወሰደቻት። ሐይቁ ግን ውሃ አይመስልም። ከብርዱ የተነሣ ረግቶ፣ በረዶ ሆኖ፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

«ውሃ ላይ ልንራመድ ነው?» አለች አሪየት።

«አዎ። ወፍራም ስለሆነ አይሰበርም። እኔ በረገጥኩበት እርገጪ» አለች ሩታ።

አሪየት በጫማዋ ጫፍ መታ መታ አደረገችው። ኳ! ኳ!

ከዚያ አንድ እግሯን አሳረፈች። ሁለተኛውንም አሳረፈች። ውሃ ላይ ቆመች። ሕልም መሰላት።

ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ጸጥ ያለ ነው። ርቀው አንድ ሽማግሌ በረዶውን ቀድደው ዓሣ ያጠምዳሉ። ሌላ ማንም የለም።

«ኳስ ስትፈልጊ ‹ቼ› በይ» አለች ሩታ።

«ቼ?» አለች አሪየት። «እኛ ሀገር ‹ቼ› የሚባለው ለፈረስ ነው።»

«እኛ ሀገር ደግሞ ‹ቼ› ማለት ‹እዚህ ነኝ› ማለት ነው» አለች ሩታ። ኳሱን ይዛ ራቅ ብላ ሄደች። ትንሽ ነጥብ እስክትመስል ድረስ ሄደች።

«ቼ» አለች አሪየት ቀስ ብላ።

ሩታ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «አልሰማሁም።»

«ቼ» አለች አሪየት ከፍ አድርጋ።

«አልሰማሁም።»

አሪየት ዓይኗን ጨፈነች። ቀዝቃዛውን አየር ወደ ውስጥ ሳበች። ደረቷ ሞላ። ሆዷም ሞላ።

«ቼኤኤኤኤ!»

ድምጿ በበረዶው ላይ ሮጠ። ሐይቁን አቋረጠ። ጫካው ድረስ ደረሰና ተመልሶ መጣ። ቼ… ቼ… ቼ…

ሽማግሌው ዞር ብለው እጃቸውን አወዛወዙላት።

«ያ የእኔ ድምፅ ነው?» አለች አሪየት።

«ያንቺ ነው» አለች ሩታ፤ ኳሱንም ወረወረችላት። ማንም አልሳቀባትም።

ሌላ የጨዋታ ቀን መጣ። አሪየት ተቀመጠች። አየች፣ ጠበቀች፣ አየች፣ ጠበቀች።

ዳይና ጠቆሟት። አሪየት ሮጣ ገባች።

ኳሱ ሩታ ጋ ነው። ዱብ! ዱብ! ዱብ! ረጃጅም ተጫዋቾች ሩታን ከበቧት። ከፊቷ እጅ፣ ከጎኗ እጅ፣ ከኋላዋ እጅ። ሩታ ምንም አይታያትም።

አሪየት ቅርጫቱ ሥር ናት። ልቧ ይመታል። አየር ሳበች። ደረቷ ሞላ። ሆዷም ሞላ።

«ቼኤኤኤኤ!»

ሩታ አላየችም፤ ግን ሰማች። ድምፁ ወደ መጣበት ኳሱን ወረወረች። ኳሱ ከእጆቹ ሁሉ በላይ በረረ።

አሪየት ዘለለች፤ ኳሱን አየር ላይ ቀለበችው።

ለአፍታ ሰዉ ሁሉ ቀና ብሎ አያት። ከታች መብራቱ፣ ሰዉ፣ ወለሉ። ከላይ አሪየት ብቻ፣ እንደ ተንሳፈፈች።

ሿ…

ኳሱ በመረቡ ውስጥ ወረደ። ሰዉ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ።

አሪየት ደግማ ተጣራች። ደግማም ተጣራች። አንዳንዴ ኳሱ ገባ፤ አንዳንዴ ሳተ። እሷ ግን መጣራቷን አልተወችም።

በዚያ ቀን ቡድኗ አላሸነፈም። በጥቂት ነጥብ ተበለጠ።

ዳይና ግን ፎጣ አቀበሏትና «በሚቀጥለው ጨዋታ ከመጀመሪያው ትገቢያለሽ» አሏት።

አመሻሹ ላይ አሪየት ወደ ክፍሏ ገባች። ለእናቷ ስልክ ደወለች።

«ድምፅሽ ምን ሆነ ልጄ? ጎርንኗል» አሉ አቻን።

«ስጮህ ዋልኩ፣ እማዬ።»

«አንቺ? ጮኽሽ?»

«አዎ እማዬ።»

አቻን ስልኩን ወደ ጆሯቸው ይበልጥ አስጠጉ። «አሸነፋችሁ?»

«አላሸነፍንም» አለች አሪየት እየሳቀች።

«ታዲያ ምን ያስቅሻል?»

«ሰሙኝ፣ እማዬ» አለች አሪየት።

አቻንም በስልኩ ውስጥ ሳቁ። «በይ ትኩስ ወተት ጠጪበት» አሉ። «ጉሮሮሽን በሻርፕ ሸፍኚና ተኚ። ነገም ትጮሂበታለሽ።»

አሪየት ትኩሱን ወተት ጠጣች። ሻርፗን ጠመጠመች። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች።

ውጭ በረዶው መውረዱን ቀጠለ። በጣሪያው ላይ፣ በዛፉ ላይ፣ በመንገዱ ላይ፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ…

አሪየት ተኛች።