አልጋ እስኪገኝ

ሐኪሙ ጡቴ ውስጥ ያለው እብጠት ካንሰር መሆኑን የነገረኝ በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ናዝሬት፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ግራ ጡቴ መውጣት እንዳለበት፣ ለጊዜው ግን ባዶ አልጋ እንደሌለ አስረዳኝ። አልጋ ሲገኝ በመሥሪያ ቤቴ ስልክ እንደሚጠሩኝ ነግሮ ሸኘኝ።

ከአዲስ አበባው ሆስፒታል ስመለስ፣ ባቡር ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ወጣት በጆንያ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ታቅፎ ነበር። ባቡሩ በተንገጫገጨ ቁጥር ጠበቅ ያደርገዋል። ዓይኔ አረፈበት።

«የወንጂ ፋብሪካ የፓምፕ ዕቃ ነው» አለኝ እያፈረ። «እንዳይሰበር አደራ ብለውኛል። ሰዉ ግን ሕፃን የያዝኩ እየመሰለው ቦታ ይለቅልኛል።»

ሳቅሁ። በዚያ ቀን መሳቄ ራሴን አስደነገጠኝ። ስሙ ፈይሳ ነበር፤ የአርሲ ነገሌ ልጅ፣ ወንጂ መካኒክ። የሺዓለም እንደምባል ነገርኩት። ናዝሬት ስንወርድ እሑድ ከተማ እንደሚመጣ አጫወተኝ፤ እንደምንገናኝ ለሁለታችንም ገብቶናል።

ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ተለወጠ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራ ጀመር፤ የበሽታውን ስም የሚጠራ ጠፋ። ደርግ ቤተ ክርስቲያናችንን ካሸገ ወዲህ የምንጸልየው በየቤቱ ስለነበር፣ ወንድሞችና እህቶች እየመጡ እጃቸውን ጫኑብኝ። የሁሉም ቃል አንድ ነበር፤ አትፍሪ። ፍቅራቸው የእውነት ነው። ግን አትፍሪ ባሉኝ ቁጥር ፍርሃቴን የማወራለት ሰው አጣሁ።

እሑድ እሑድ ግን ፈይሳ ነበር። በጋሪ ከተማውን እንዞራለን። አንድ ቀን ሶደሬ ወሰደኝ፤ ሰዉ ሲዋኝ እኔ ዳር ተቀምጬ እግሬን ብቻ ነከርኩ። ዋና የማልችል መስሎት ሊያስተምረኝ ቃል ገባ። እሱ ዘንድ ጤነኛ ሴት ነበርኩ። ቤት ገብቼ ልብሴን ስቀይር እጄ እዚያ እብጠት ላይ ይደርስና፣ ማንም ሳይነካው፣ ልጅም ሳይጠባው የሚቆረጠውን ገላዬን እያሰብኩ አለቅሳለሁ። ያም ሆኖ ያ ጊዜ ዛሬም ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል?

በኅዳር መጨረሻ አልጋ መገኘቱ በስልክ ተነገረኝ። ፈይሳን ኬክ ቤት ቀጠርኩትና ሁሉንም ነገርኩት።

«ከእንግዲህ አትምጣ» አልኩት። «ጥሩ ሰው ነህ፤ የምፈራውም እሱን ነው። አዝነህልኝ አብረኸኝ እንድትሆን አልፈልግም።»

አስተናጋጇ ያስቀመጠችልን ሻይ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

«ፈርተሻል?» አለኝ በመጨረሻ።

እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«በጣም።»

«እኔም ፈራሁ» አለ። «የሺዬ፣ የት ሆኜ እንደምጠብቅሽ ብቻ ንገሪኝ።»

ሰው መሃል መሆኔን ረስቼ አለቀስኩ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዓይኔን ስገልጥ እናቴና ፈይሳ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። እናቴ ማንነቱን የሰማችው እዚያው ኮሪደር ላይ ነበር፤ ስነቃ ለእኔ ካመጣችው ምሳ እያጎረሰችው ነበር።

አርሲ ነገሌ ግን ቀላል አልነበረም። የፈይሳ እናት፣ ወይዘሮ ወርቄ፣ ልጃቸው ማንን ሊያገባ እንዳሰበ ሲሰሙ አዘኑ። ልጠይቃቸው ስሄድ ለብቻዬ አስቀምጠው፣ ልጅ ብወልድ በምን እንደማጠባ ሳይደብቁ ጠየቁኝ። እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ተነስተው ወተት ቀዱልኝ።

የተጋባነው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በወላጆቼ ሳሎን ውስጥ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ መዝሙሩን በቀስታ እየዘመርን ነው።

ልጄን ጉዲቱን ስወልድ ወይዘሮ ወርቄ ሊያርሱኝ መጡ። ሕፃኗ ስታለቅስ የቀረኝን ጡት አጎረስኳት። አማቴ በርጩማ ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና አተኩረው ያዩን ጀመር። እኔ ቀና ለማለት ፈርቻለሁ። ልጅቷ ስትጠባ ቆይታ፣ በራሷ ጊዜ ለቃ እንቅልፍ ወሰዳት።

ወይዘሮ ወርቄ አገጯ ላይ የቀረውን ወተት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ በኦሮምኛ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጠግባለች።»