ከአልጋ ሥር የተገኘው ስኳር

ሙሽሪት ነጭ ቀሚሷ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሞታ ተገኘች። ለሰርጉ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ባልደረቦቹ «መርፌ» የሚሉት መርማሪ ወደ ክፍሏ ሊገባ በሩን ቢገፋው እምቢ አለው፤ በትከሻው ቢለውም ያው ነው።

«እጀታውን ይዘህ ወደ ላይ አንሳው እንጂ፣ ልጄ። አመሉን የማያውቅ አይከፍተውም» አሉት የሙሽሪት አክስት ከኋላው መጥተው። ከሥራ ሲመለሱ ሬሳውን ያገኙት እሳቸው ናቸው።

ክፍሉ ሰው ገና ያልወጣበት ይመስል ነበር። ከግድግዳው ላይ ሙሽሪት በየፎቶው ስልኳን አቅፋ ትስቃለች፤ ስልኩ ውስጥ ደግሞ ባሕር ማዶ ያለው እጮኛዋ ይስቃል። ኤምባሲው ፍቅራቸውን እንዲያምን የተሰናዱ ማስረጃዎች ናቸው። መርፌ ስንት ሬሳ ያየ ሰው ነው፤ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሐል መቆም ግን ከበደው።

ጠረጴዛው ላይ እስከ አተላው የተጠጣ የሻይ ብርጭቆ አለ። ሌላ ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቷል። ጭላጩን የመረመረው ሐኪም መራራ መርዝ አግኝቶበታል፤ ስኳር ግን የለበትም። የስኳሩ ጣሳ ከአልጋው ሥር፣ ከጫማዎቿ ኋላ ተገፍቶ ተገኘ።

«ስኳር አልጋ ሥር ምን ይሠራል?»

«እኔስ ምኑን አውቄ! እሷ ሻይ ሳይሆን ስኳር ነው የምትጠጣው። አራት ማንኪያ! ‹ጥርስሽ ይረግፋል› ስላት ትስቅብኝ ነበር።» አክስትየዋ የልጅቷን ነጠላ ጫማ አንስተው ደረታቸው ላይ አደረጉት።

ፖሊስ ጣቢያው ግን ጉዳዩን የጨረሰ ያህል ነበር። የሠፈሩ ፎቶ አንሺ በዚያ ቀን እያለቀሰ ከደረጃው ሲወርድ ታይቷል፤ ሱቁ ውስጥም የድሮ ፊልም ማጠቢያ መርዝ አለ። ታስሯል፤ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም። መርፌ እስር ክፍሉ ድረስ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ትዋደዱ ነበር?»

«ያንን ሁሉ ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ‹ፈገግ በይለት› የምላት እኔ! ለቪዛው ብላ ልታገባው፣ ወረቀቷን ስታገኝ ልትፈታውና እኔን ልትወስደኝ ነበር።»

«እሱስ ያውቃል?»

«ምስኪን፣ እሱ የምሩን ነው። መጀመሪያ ቀን ‹ሻይ በስኳር አልወድም› ቢላት ‹እኔም› አለችው። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊቱ መራራውን እየጠጣች ፊቷን ላለማጨማደድ ስትታገል፣ እኔ ከስልኩ ኋላ ሆኜ በሳቅ እሞት ነበር።»

«ታዲያ ያን ቀን ምን አስለቀሰህ?»

«ቀሚሱን ለብሳ አሳየችኝ። የምችለው መስሎኝ ነበር።»

መርፌ ቶሎ አልተነሳም።

በማግስቱ ጠዋት አክስትየዋንና ካቴና ያጠለቀውን ፎቶ አንሺ ከሙሽሪት ክፍል አስቀምጦ በሩን ዘጋው። ሙሽራው ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ እየመጣ ነው ተብሏል። ደረጃው ላይ የሻንጣ ድምፅ ተሰማ፤ እጀታው ወደ ላይ ተነሳ፤ በሩም ወለል አለ።

«እዚህ ቤት መጥተህ ታውቃለህ?» አለው መርፌ።

«በስልክ ብቻ። ዛሬ መግባቴ ነው።»

«እንግዲያው ተቀመጥና ስማ። ሙሽሪት ስኳሯን ከአክስቷ አትደብቅም። ከፎቶ አንሺውም አትደብቅም፤ ውሸቱን አብሯት ሲስቅበት የኖረ ነው። ከሁለቱ አንዳቸው ቢመርዟት ኖሮ ሻዩ ይጣፍጥ ነበር፤ ያለ ስኳር ቢያቀርቡላትማ ገና ስትቀምሰው ትተፋው ነበር። እሷ ግን እስከ አተላው ጠጣችው። ሰው መራራን ነገር ፊቱን ሳያጨማድድ የሚውጠው ለማን ብሎ ነው? ስኳር አልወድም ላለችው ሰው ነዋ! በሩ ሲንኳኳ ድምፁን ሰማች፤ ጣሳውን ወደ አልጋው ሥር ገፋችው። መርዙ ሲመራትም የሻዩ መስሏታል።»

«ዛሬ ነው የገባሁት እኮ ነው የምልህ!»

«ይህን በር እኔ በትከሻዬ አቅቶኛል። አንተ ሻንጣህን ሳታስቀምጥ ከፈትከው። ‹ወደ ላይ አንሳው› ብላ ከውስጥ የነገረችህ እሷ ናት። የገባህበትን ቀን አውሮፕላን ማረፊያውን ብጠይቅ ይነግረኛል፤ ካንተ ብሰማው ይሻላል።»

ሙሽራው ተቀመጠ።

«ድንገት ደርሼ ላስደስታት ነበር የመጣሁት። ከመንገድ ማዶ፣ በፎቶ ቤቱ መስኮት፣ አቅፏት አየሁ። መርዙን የገዛሁት ያን ቀን ነው። በማግስቱ እሱ ሲወርድ ጠብቄ ወጣሁ። ቀሚሷን ልታሳየኝ ዞር ስትል ጨመርኩት።» ጣሳውን አየ። «ስኳር ትወድ ነበር?»

መርፌ የፎቶ አንሺውን ካቴና ፈታለት። አክስትየዋ የተፈታውን እጅ ይዘው ያሻሹለት ጀመር።

«ዝናብ ትወዳለች አይደል፣ እማማ?» አለ ሙሽራው። «ሲዘንብ አልተኛም ብላኝ ነበር። መንገድ ላይ ስትሄድ እንደምታንጎራጉርም ነግራኛለች። ከነገረችኝ ውስጥ አንዱ እንኳ እውነት ነው? አንዱን ብቻ ይንገሩኝ።»

አክስትየዋ ቀና ብለው አዩት።

«አንዱንም አልነግርህም» አሉት። «የፈጠረችልህን ልጅ ይዘህ ሂድ። ይቺኛዋ የኛ ናት።»