ለታደለች ቤት ነው የመጣሁት

ሩሃማ ሕሩይን መጀመሪያ ያየችው ወሰን ሰፈር በሚሸጥ አፓርታማ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በደረቱ ተኝቶ፣ ከእቃ ማጠቢያው ሥር አንገቱን ቀብሮ ነው። የሚታየው እግሩ ብቻ ነበር።

«ባንቧውን ጨርስና ውጣልኝማ፣ ቤት ልናይ ነው» አለችው።

«እኔም ቤት እያየሁ ነው» አለ እግሩ።

ለካ ደላላው እሱ ኖሯል። ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ፤ እጁ ስለቆሸሸ ክርኑን ዘረጋላት። በስልክ ሲያወሩ ጋዜጣ በብብቱ የሸጎጠ ቦርጫም ሰውዬ ነበር የመሰላት። ይሄ ግን ቢበልጣት በሁለት ዓመት ነው።

«ሌሎቹ ደላሎች ለሻጭ ነው የሚሠሩት» አላት። «እኔ የምፈልገው ለገዢ ነው። ማነው የሚኖርበት?»

«እኔና እናቴ።»

«እናትሽ ስንት ደረጃ ይችላሉ?»

ሩሃማን ስንት መኝታ፣ ስንት ካሬ ብሎ የጠየቃት ሞልቷል፤ ይህን የጠየቃት ግን አንድም አልነበረም። እናቷ ወይዘሮ ታደለች የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ጫፍ ላይ ባለች ቤት አርባ ዓመት ኖረዋል፤ ሐኪሙ ግን «ከእንግዲህ ዳገት ይቅርብዎ» ብሏቸዋል። አባቷ ትተውት ያለፉት አይሱዙም የተሸጠው፣ እናቷ ሳያቃስቱ የሚገቡበት ቤት እንዲገዛበት ነው።

«ሦስት» አለች በመጨረሻ። «ሦስት ብትችል ነው።»

«እንግዲያው ይሄ አይሆንም። አሥራ ሰባት ነው፤ ስመጣ ቆጥሬዋለሁ።»

ሩሃማ በአንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች። ቅዳሜና እሑድ፣ ሥራ ስትጨርስም አብረው ይዞራሉ። ሕሩይ ባንቧ ይከፍታል፣ ግድግዳ ይቆረቁራል፣ የጎረቤት በር አንኳኩቶ «ውሃ በሳምንት ስንቴ ትመጣለች?» ይላል። ከዚያ ራሱን ይነቀንቅና «ይሄም አይሆንም» ይላታል።

«አንተ ሰው፣ ቤት ነው ሚስት የምትመርጠው?»

«ሚስትማ ባገኝ ባንቧውን አላይም ነበር።»

የእናቷ የሐኪም ቀጠሮ ሲደርስም ሳይጠራ ይመጣል። ታክሲ የማይወጣውን ዳገት ወይዘሮ ታደለችን አዝሎ ይወጣል።

«አንተ ልጅ፣ ባሌ እንኳ ለሠርጌ በቅሎ ተከራየ እንጂ አላዘለኝም» ይሉታል ከጀርባው ላይ።

«በቅሎዋ ብልህ ነበረች እማማ። እርስዎ ከባድ ነዎት።»

ሩሃማ ቦርሳ ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ሁለቱ ይንሾካሾካሉ፣ ይስቃሉ። አንዳንዴ ደግሞ ሳይስቁ ረዥም መንገድ ይወጣሉ።

አንድ ቀን ከእንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ቆመው ከተማውን ቁልቁል ሲያዩ እጇን ያዛት። አላስለቀቀችውም።

«ቤቱ ሲገኝ ትጠፋለህ?»

«ካላባረርሽኝ አልጠፋም።»

ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት «አይሆንም» በተባለ ቁጥር ልቧን ደስ ይለው ጀመር። በዚህ ደስታዋ ደግሞ ታፍር ነበር።

በሦስተኛው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ካራ በሚባል ሰፈር የሚሸጥ ምድር ቤት ጠቆመቻት። ብቻዋን ሄደች። ቤቱ ፀሐይ ይገባዋል፣ ውሃው ይወርዳል፤ በሩ ላይ ያለው ሁለት ደረጃ ብቻ ነው። ጥበቃው አቶ ዲንሳ ድሮ እዚያው መሬት ላይ ገብስ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው።

«ይሄማ ገና አልተሸጠም» አሏት ቁልፉን እየሰጧት። «ከሁለት ወር በፊት ሕሩይ የሚባል ደላላ አይቶ፣ ያለዚህ ቤት አልፈልግም ብሎኝ ነበር። ደረጃውን ሲቆጥር አስቆኛል። ሁለት ነገር ደግሞ ይቆጠራል?»

ሩሃማ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ስልክ ደውላ አስመጣችው።

«ይህን ቤት ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ለምን ደበቅከኝ?»

ሕሩይ መሬት መሬት አየ። «ልነግርሽ አልችልም።»

«የተሻለ ገዢ ልታመጣ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ... ከኔ ጋር ለመዞር ነው?»

መዋሸት አያውቅም። «እሱም አለበት» አላት።

«እሱም?» ድምጿ ተሰበረ። «እናቴ ዳገት ላይ ስታቃስት አንተ ሽርሽር ላይ ነበርክ? ሂድልኝ።»

«ሩሃማ...»

«ባንቧ ስታይ ነበር ያመንኩህ። ሂድ።»

ሄደ። አንዴ ዞር ብሎ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ እንደማለ ሰው መልሶ ዘጋው።

ቤቱ ተገዛ። ዕቃ ሲጫን ወይዘሮ ታደለች የጎረቤቶቻቸውን አጥር አንድ በአንድ በዓይናቸው ተሰናበቱ። ሩሃማ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶ አሰረችላቸው።

«እድሬስ?» አሉ እናቷ።

«ካራም እድር አለ እማዬ። አስመዘግብሻለሁ።»

«አዎ... አለ።»

በእርግጥም ነበረ፤ ግን አዲስ ገቢ ስድስት ወር ሳይሞላው ድንኳን አይተከልለትም። የፈረንሳዩ እድር ደግሞ ደንቡ ጥብቅ ነው። ከአባል ቤት አንድ ሰው ለቅሶ ላይ ተገኝቶ ድንኳን መትከል፣ ወንበር መደርደር አለበት። ሦስት ለቅሶ የቀረ ቤት ስሙ ይሰረዛል። ሩሃማ ይህን ብታውቅም አላሰበችበትም። ያን ጊዜ የምታስበው ስለ እናቷ ልብ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ታደለች ካራ ላይ አላማረሩም። ወንበራቸውን መስኮቱ አጠገብ አስደርገው ወደ እንጦጦ ሲያዩ ይውላሉ።

«ያን ልጅ አትቀየሚው» አሉ አንድ ቀን። «በደል የለበትም።»

«አንቺ ማንን ትቀየሚያለሽ እማዬ።»

እናቷ ሊቀጥሉ ፈለጉ፤ ትንፋሽ አጠራቸው። ሩሃማ «አታውሪ፣ እረፊ» አለቻቸው። ይህን ቃሏን ኋላ ስታስታውሰው ትኖራለች።

በሰባተኛው ሳምንት አንድ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ወይዘሮ ታደለች እዚያው ወንበራቸው ላይ አረፉ። የሩሃማን ጩኸት ሰምተው የመጡት ሁለት ሴቶች ስሟን እንኳ አያውቁም። አንደኛዋ ነጠላዋን አገለደመችላት፣ ሌላዋ «እድራችሁ የት ነው?» አለቻት። እናቷ አርባ ዓመት የሰው ለቅሶ ደርሰው፣ ለራሳቸው ቀን ባዶ ግቢ ውስጥ ቀሩ። እዚህ ያመጣቻቸውም እሷ ናት።

ጣቷ በራሱ ስልኩን ነካ።

«ሕሩይ... እማዬ...»

«ገብቶኛል» አላት። «ትልቁን በር አስከፍቺው። መኪና ይገባል።»

አራት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ አውቶቡስና አንድ ጭነት መኪና ካራ ደረሱ። ከአውቶቡሱ የፈረንሳይ ለጋሲዮን እናቶች በነጠላቸው እያለቀሱ ወረዱ። ጭነቱ ላይ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የድንኳኑን ቋሚ ታቅፎ ሕሩይ ተቀምጧል።

ሩሃማ የእድሩን ዳኛ አቶ ወልደገብርኤልን ያዘቻቸው። «አባባ፣ እኛ እኮ ተሰርዘናል። አንድም ለቅሶ አልደረስንም።»

«ማን አላችሁ? አራት ለቅሶ ነበረ፤ ለአራቱም ይሄ ልጅ መጥቷል። መጀመሪያ ቀን 'አንተ የማን ነህ?' ብዬ ብጠይቀው 'ለታደለች ቤት ነው የመጣሁት' አለኝ። ካስማ ሲመታ ውሏል።»

ሩሃማ ሕሩይን ፈለገችው። ጀርባውን ሰጥቷት ገመድ እየወጠረ ነበር።

ያወሩት በሣልስቱ ነው፤ ድንኳኑ ሲነቀል።

«አሁን ልነግርሽ እችላለሁ» አላት። «ካራን ያገኘሁ ለት አዝዬያቸው ዳገቱን እየወጣሁ ነገርኳቸው። በጣም ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ግን ጆሮዬ ላይ አለቀሱ። 'ቤቱስ ጥሩ ነው፤ እዚያ ማን ያለቅስልኛል? ቤቱንም ይህንንም እስክሞት ደብቅልኝ፣ ልጄ ከሰማች ልቧ ይሰበራል' ብለው አስማሉኝ። እኔም ማልኩ... ካንቺ ጋር መዞሩም አልጠላኝም ነበር። እሱን አልክድም።»

«ለአንተ ነገረችህ። ለኔ ግን አልነገረችኝም።»

«ላንቺ ቢነግሩሽ ታስቀሪያቸው ነበር። ዳገቱ ሲገድላቸው ደግሞ ራስሽን ትወቅሺ ነበር። እሱንም አስበውታል።»

በየትኛውም በር ቢገቡ ሞት ቀድሟቸው ተቀምጦ ነበር።

አቶ ወልደገብርኤል መዝገባቸውን ይዘው መጡ። «የታደለች ስም ሊዘጋ ነው። ቤቱ በማን ይቀጥል?»

«በኔ» አለች ሩሃማ። «ግን ድንኳን የሚተክልልኝ ሰው የለኝም።»

ሕሩይ ካስማ እየነቀለ ነበር። ቀና ሳይል «እኔ አለሁ» አለ።

«አንተ እስከ መቼ በሰው ስም ትመጣለህ?» አሉት አቶ ወልደገብርኤል። « ደንባችን አንድ ቤት የሚለው ባልና ሚስትን ነው።»

ሩሃማ ያበጠ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«እንደሱ ይጻፉት» አለች።

ሽማግሌው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ልጄ፣ ይሄ እድር ነው እንጂ ማዘጋጃ ቤት አይደለም።»

«አውቃለሁ አባባ። ማዘጋጃ ቤት ከሙት ዓመቷ በኋላ እንሄዳለን... እሱ እሺ ካለ።»

ሕሩይ ካስማውን እንደጨበጠ ቆመ። ሦስት ቀን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ሲል ያልታየው እንባ አሁን ወረደ።

«ይጻፉ» አለ።

ጭነቱ መኪና ሲሄድ ግቢው ጭር አለ። ሩሃማ በሩ ላይ ካለው ደረጃ ተቀመጠች፤ ሕሩይም አጠገቧ ተቀመጠ። ከቤቱ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ባዶው ወንበር ይታያል።

«ሁለት ደረጃ» አለች። «ያለ ድካም ነበር የምትወጣው።»

«ያለ ድካም ነበር» አላት፤ እጇን ያዘ።