የቫይረሱ ራስና ጅራት

ጠሀን ያገኘሁት በ2002 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ነው። ጎንበስ ብዬ የሐይቁን ውሃ በጠርሙስ ስቀዳ፣

«እህቴ፣ እዚህ የሚሸጠው ዓሣው ነው፤ ውሃው በነፃ ነው» አለኝ።

«እኔ የምፈልገው ውሃው ውስጥ ያለውን ነው።»

የምፈልገው ዓሣ የሚያሳምም ባክቴሪያን የሚገድል ቫይረስ ነበር። በማግስቱ ጠሀ አዲስ ተማሪ ሆኖ ላብራቶሪያችን ሲገባ ሁለታችንም ሳቅን።

ቫይረሱ ራስና ጅራት አለው። የራስ ክፍሉን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የትኛው ነው? የጅራቱንስ? ለማወቅ ዓመት ፈጀብኝ። ራሱን ከጅራቱ ለይቼ፣ ፕሮቲኖቹን በመጠን በሚለያቸው ዝልግልግ ንጣፍ፣ በጄል ላይ፣ ረድፍ በረድፍ ደረደርኳቸው። ጠሀ አጠገቤ ተቀምጦ ያየኛል፤ ቀና ስል ዓይኑን ይሰብራል።

ከዚያ አንድ የመምህርነት ቦታ ተገኘ፤ አመልካች ጥናቱን አስገብቶ አዳራሽ ውስጥ ያቀርባል። ጠሀ የጄሌን ፎቶ ወስዶ ጥናቱን በራሱ ስም ብቻ አስገባ።

«ሙንቲዬ፣ ለሁለታችንም ብዬ ነው» አለና ረቂቁን ሰጠኝ። «አባትሽ ልጁን ለሥራ ፈት አይሰጥም። ቦታውን ላግኝ እንጂ፣ በዚያው ሳምንት እሁድ ሽማግሌ እልካለሁ።»

ረቂቁን አነበብኩ። ስህተቱ አራተኛው ገጽ ላይ ነበር።

እኔ ግራኝ ነኝ። ናሙና ጄሉ ላይ የማስገባው ከቀኝ ጀምሬ ነው። እሱ ፎቶውን ከግራ አንብቦ፣ የራስ ክፍሉን ጂን ለጅራት፣ የጅራቱን ለራስ ሰጥቷል። ዓመት ሙሉ ሲያየኝ የኖረ ሰው ይህን አላየም።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። ለዝግጅቱ የሚለብሰውን ሸሚዝ እንኳ የመረጥኩለት እኔ ነኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እናቱ ከፊት ተቀምጠዋል። ጠሀ አቅርቦ ሲጨርስ፣ ጥያቄ ካለ ሲባል እጄን አነሳሁ።

«ናሙናው የገባው ከየት ወደ የት ነው?»

«ከግራ ወደ ቀኝ ነዋ፤ እንደማንኛውም ሰው።»

«ያስገባኸው አንተ ነህ?»

ዓይኑ ፎቶው ላይ ቆየ፤ ከዚያ ብዕር ወደያዘው ግራ እጄ መጣ። ፊቱ ሲገረጣ አንዲት ቅጽበት እንዳታመልጠኝ ትኩር ብዬ አየሁት።

«አይደለሁም» አለ። «ሙንተሃ ናት። ራስ ያልኩት ጅራት ነው። ሥራውም ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው።»

ስወጣ በረንዳው ላይ ደረሰብኝ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ረቂቁን የሰጠኸኝ ቀን።»

«ሸሚዝ እየመረጥሽልኝ?»

«አዎ።»

«እኔ የበደልኩሽ አንድ ቀን ነው፤ አንቺ ግን አሥራ አንድ ቀን» አለና እናቱን ደግፎ ሄደ።

የመምህርነቱን ቦታ እኔ አገኘሁ። አልተጸጸትኩም፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ።

እሁድ ግን አባቴ፣ ሽማግሌ እንደሚመጣ ቀድሜ ነግሬው ስለነበር፣ መናኸሪያ ያለውን ሱቅ ዘግቶ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ሳሎን ተቀመጠ። እንግዳ እንደማይመጣ አልነገርኩትም። እኔም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከመስኮቱ አልራቅሁም።